ልያዛት ወይስ ልሽጣት?

የእህቴ ልጅ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። ላሊበላ ውስጥ እንግዳ የምታመላልስባት ላንድክሩዘርህ 430 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች፤ በቴስታታው ዙሪያ ዘይት ማላብ ጀምራለች፤ ደላላው ደግሞ ጆሮ የሚያቆም ዋጋ ጠርቶልሃል። አሜሪካ ያለው ወንድምህ «ይህን አሮጌ ብረት ምን ይሁንልህ ብለህ ታቅፈኸዋል?» ይልሃል። እኔን የጠየቅኸኝ የላስታን ዳገት ከአንተ በፊት ስለወጣሁት ነው እንጂ ከመካኒክ እበልጣለሁ ብለህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በቁጥር የጻፍሁልህ ሥራ ስትጠብቅ አንዱን አንዱን እያነሣህ እንድታስብበት ነው።

1. ኪሎ ሜትሩን ብቻውን አትፍራው፣ ብቻውንም አትመነው።

የመኪና መንገዱ ሳይወጣ በፊት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሚኬደው በእግርና በበቅሎ ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ከገመተ በኋላ ኮርቻውን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳስሳል። ጥርስ ዕድሜን ይናገራል፤ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን የተላጠ ጀርባ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቁጥርም ጥርስ ነው። በአስፋልት 400 ሺህ የሄደች መኪና፣ በድንጋይና በአቧራ 150 ሺህ ከተንገላታችው ልትሻል ትችላለች። ደግሞም ቁጥሩ ይወርዳል፤ ኪሎ ሜትር የሚያወርድ ባለሙያ በየከተማው አለ። 90 ሺህ የምትል መኪና የፍሬን ፔዳሏ ጎማ ብረቱ እስኪታይ ተበልቶ፣ የሾፌሩ በር ማጠፊያ ላልቶ፣ የመቀመጫው ጠርዝ ተጨራምቶ ካየህ የሚዋሸው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ያንተ 430 ሺህ ቢያንስ እውነተኛ 430 ሺህ ነው። አብረሃት ቆጥረኸዋል።

2. ደላላውን ሳይሆን የይምርሐነ ክርስቶስን መንገድ ጠይቅ።

ከላሊበላ በብልባላ በኩል በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 84። ከዚህ የተሻለ የሙከራ መንገድ በአካባቢው አላውቅም። ዳገት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ጠጠርና አቧራ አለው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ መኪናዋን አቁመህ ከሥሯ የምትተኛበት በቂ ጊዜ ይሰጥሃል።

ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይት መለኪያውን ብረት አውጣና ዘይቱ የደረሰበትን ልብ በል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ውሃውን እስከ አፉ ሙላ። ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሣ የሚወጣውን ጭስ ከኋላ የሚያይልህ ሰው አቁም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ነጭ ሆኖ በቶሎ ከጠፋ የብርድ ነው፤ ከሞቀችም በኋላ ጭሱ ነጭ ከሆነና ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ላይ ጥርጣሬ ያዝ።

ጥቁሩን ጭስ በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ያንተ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ እዚህ ከፍታ ላይ በሚያገኘው ስስ አየር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የናፍጣው መጠን ግን ለቆላው አየር የተለካ ስለሆነ ዳገት ላይ መጥቆሯ የሚጠበቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ጤነኛ መኪና በርካሽ ይሸጣል። የሚያውቀው ደግሞ ይገዛዋል። ውሃውም እንደዚሁ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው እንጂ 100 ላይ አይደለም። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ውሃ ያፈላል፤ ባለቤቱም ሞተር ሊያስከፍት ይሮጣል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይር።

መኪና ማቆሚያው ደርሰህ እንግዶችህ በጽዱ ጫካ መካከል ደረጃውን ሲወጡ፣ ዋሻው ውስጥ ገብተው እንጨቱና በኖራ የነጣው ግንብ እየተፈራረቀ የተሠራበትን ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ፣ ከጀርባው ያለውን የጥንት ምዕመናን አፅም ሲመለከቱ፣ አንተ ከአንድ ሰዓት በላይ አለህ። ያን ጊዜ ሻይ ቤት አትቀመጥ። የእጅህን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጋ። ሦስቱ ሞቅ ብለው አንዱ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው፤ እንደ ጭስ ማውጫ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ግን የፒስቶኑ ፋሻ ደክሟል። ከዚያ ባትሪ ይዘህ ከሥር ግባ። ባሌስትራው ከሻንሲው የሚያያዝበትንና የመሪው ሳጥን የታሰረበትን በጨርቅ ጠርገህ ፀጉር የሚያህል መስመር ፈልግ። አቧራ ተጣብቆበት የረጠበ ቦታ የዘይት ማፍሰሻ ነው፤ ዝገት የቋጠረ ቀጭን መስመር ደግሞ ስንጥቅ ነው።

ማታ ላሊበላ ስትመለስ እስክትቀዘቅዝ ጠብቀህ ዘይቱንና ውሃውን እንደገና ለካ። ምንም ካልጎደለ የደላላውን ስልክ ቶሎ አትመልስ።

3. የሞተር በሽታና የሻንሲ በሽታ አንድ አይደሉም።

ሞተር ብረት በብረት ይታደሳል። ያንተው ዋን ኤችዜድ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ ነው። ኮምፒውተር የለውም። ወልድያም ደሴም ዓይኑን ጨፍኖ የሚከፍተው መካኒክ አለ፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይመጣል። በቴስታታው ዙሪያ ማላቡ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል፤ የላይኛው የቫልቭ ክዳን ላስቲክም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የደመወዝ ነው፣ ሁለተኛው የሻይ ሒሳብ ነው። መካኒኩ በግምት ሞተር ሳያወርድብህ በፊት መጥረግና ማየት የአንተ ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አጣራ፤ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ? በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። መብራቱ በርቶ የማያውቅ ከሆነ አምፖሉ መኖሩን እይ። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ በጥቂት ብር የሚቀየር ላስቲክ ሙሉ ሞተር ያስከፍታል። 430 ሺህ ላይ ያለች መኪና አራት ጊዜ ልትቀይር ይገባት ነበር።

ሻንሲ ግን ሌላ ነው። አንዴ ተሰንጥቆ በደንብ የተበየደ ይሠራል፤ ስንት ዘመን የሠራ አይቻለሁ። ብየዳው አጠገብ እንደገና ከተሰነጠቀ፣ ወይም ዝገቱ በመዶሻ ስትመታው የሚፈረፈር ከሆነ፣ እዚያ ላይ ገንዘብ አታፍስስ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ የምትሄደው በልማድ ነው። «ልሽጣት» የሚለውን ቃል ከአፌ የምትሰማው እዚህ ላይ ነው።

4. ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፤ እነዚህ «በሚቀጥለው ወር» የሚባልባቸው አይደሉም። ለገና ምዕመን ጭነህ ስትወርድ የተሸከምኸው ሰው ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ካልተቀየረ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እነዚህን ሦስቱን ለማሠራት ገንዘብ ከሌለህ መኪናዋ ትቁም።

5. የወንድምህን ምክር በክብር ተቀበል፣ አትከተለው።

እሱ የሚኖርበት አገር የመካኒክ አንድ ሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ያገለገለ መኪና ደግሞ በደጅ ሞልቷል። ስለዚህ ትልቅ ጥገና ሲመጣ መጣሉ እዚያ ብልኅነት ነው። እዚያም ቢሆን ሰዉ እንደ ድሮው አይጥልም፤ በአሜሪካ መንገድ ላይ ያለው መኪና አማካይ ዕድሜ ከ12 ዓመት አልፏል። እኛ ዘንድ ሒሳቡ ተገልብጧል። የእጅ ዋጋ ርካሽ ነው፣ መኪናው ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና የዶላሩ ዋጋ ተተኮሰ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ቶዮታ ዋጋው እየወጣ የሄደው በዚህ ሁሉ ነው። ስለዚህ ደላላው የጠራልህ ዋጋ ሲያስጎመጅህ ያንኑ ዋጋ ሌላው ሻጭ አንተን እንደሚጠይቅህ አትርሳ። በዋጋው መውጣት ያተረፈ የሚመስለው ሸጦ መኪና የማይገዛ ሰው ብቻ ነው።

6. አሁን ዋናው፤ ብድር።

«ሽጬ፣ ጨምሬ፣ ከባንክ ሞልቼ አዲስ ሞዴል እገዛለሁ» ብለሃል። እስቲ ለምሳሌ እንቁጠረው። ልዩነቱ 2 ሚሊዮን ብር ይሁን፣ ወለዱ 18 በመቶ። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 360 ሺህ ብር ነው፤ በወር 30 ሺህ። ዋናውን ብድር ገና አልነካነውም። ሙሉ ኢንሹራንሱንም አልደመርነውም፤ ባንኩ ያለ እሱ አያበድርህም። አሁን የድሮዋን ጥገና ጠይቅ። ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራ፣ ጎማ ጭምር አስደምረህ በጽሑፍ ዋጋ አስወጣ። ጥገናው ከአንድ ዓመት ወለድ ካነሰ ክርክሩ አለቀ ማለት ይቻላል።

«ነዳጅ ትቆጥብልኛለች» እንዳትለኝ። የድሮዋ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር፣ አዲሷ 10 ሊትር ትጠጣ እንበል። ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሶ መልስ የሚተርፍህ 2.5 ሊትር ነው። ሒሳቡ እንዲቀል ሊትሩን 100 ብር ብናደርገው 250 ብር። ለአንድ ወር ወለድ 120 ጊዜ መመላለስ ሊኖርብህ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ!

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ላሊበላ ውስጥ የእንግዳ ሥራ የሚሠራ ሰው ገቢው በእጁ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና አውሮፕላኑ ባዶ ሆነ። ገና ሳናገግም ጦርነቱ መጣ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ መብራትም ባንክም ስልክም ጠፋ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ዘጋው። ያን ጊዜ ሁሉ መኪናቸውን ከፍለው የጨረሱ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ሸራ አልብሰው አቆሟትና እርሻቸውን ወይም ሱቃቸውን ይዘው ሰነበቱ። ባለዕዳዎቹ ግን ቱሪስት በሌለበትም የወሩ ክፍያ ይጠበቅባቸው ነበር። የተከፈለች አሮጌ መኪና ሥራ ሲጠፋ ዝም ብላ ትቆማለች። በብድር የተገዛችው ቆማም ትበላለች። እኔ «ያዛት» የምልህ ለአሮጌ ብረት ፍቅር ይዞኝ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

7. ቆማ የከረመች ባለ ጥቂት ኪሎ ሜትር መኪና አታታልልህ።

ከላይ ባልሁት የእንግዳ መጥፋት ምክንያት በላሊበላም በባሕር ዳርም «ብዙ አልሠራችም» እየተባሉ የሚሸጡ የአስጎብኚ መኪኖች አሉ። ለዓመታት ያልሠራች መኪና አርፋለች ማለት አይደለም። የፍሬኑ ላስቲኮች ይደርቃሉ፤ ሰልባትዮው ውስጥ ውሃ ይጠራቀምና ናፍጣው ይበሰብሳል፣ ፖምፓውንና ኖዝሉን ይጎዳል፤ ጎማው ላዩ አዲስ መስሎ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ አይጥ ሽቦ ትበላለች። ጎማ ስትገዛም ስትፈትሽም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብብ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። 60 ሺህ የሄደችውን ቆሞ ቀር ከመግዛት ያንተኑ 430 ሺህ መንዳት እመርጣለሁ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ።

8. አዲስ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው እያልሁህ አይደለም።

ኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ላይ ላለ ሰው ዛሬ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ከኤክሳይስ ነፃ ነው፣ ዘይት መቀየር የለበትም፣ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ለእኛ አገር ቁልቁለት የተሠራ የሚመስለኝ ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን ከወልድያ ድልብን ወጥተህ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ላሊበላ ስትገባ የት እንደምትሞላ፣ መብራት በጠፋ ማግስት እንግዳህን ምን እንደምትለው ሳታውቅ ገንዘብህን አታውጣ። አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮችም ጉልበታቸው ያስቀናል፤ ዳገቱ ላይ እየዘፈኑ ያልፉሃል። ኖዝላቸው ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝና ለቆሻሻ የማይታገሥ ነው። ማደያው ደርቆ ናፍጣ በጀሪካን የምትገዛበት ወቅት ስንቴ እንደሚመጣ አንተው ታውቃለህ። የድሮዋ ያንን ናፍጣ እያጉረመረመች ትጠጣዋለች።

9. ከያዝሃት፣ ሥራውን በክረምት ጨርስ። ሐምሌና ነሐሴ እንግዳ የለም፣ መንገዱም ጭቃ ነው፤ መካኒኩም ፋታ አለው። መስከረም ከጠባ እስከ ጥምቀት ግን መኪናዋ ጋራዥ ከተኛች የዓመቱን ገቢህን አጣህ። የአየር ፊልትሮውን አቧራ ላይ በሠራህ ሳምንት ሁሉ አውጥተህ አራግፈው፣ ቀዳዳ ካለው ጣለው፤ በላስታ ሞተር የሚገድለው አቧራ ነው፣ ኪሎ ሜትር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይር። ያሠራኸውን ሁሉ፣ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የከፈልኸውን በደብተር ጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ስትደምር ከሥራ ያስቀረችህን ቀናት ለብቻ ቁጠር። የጥገናው ብር ሳይሆን ያመለጡህ እንግዶች ከበዙ፣ ያን ጊዜ ስለ መሸጥ እንደገና እንነጋገራለን።

10. ሞተር ለመቀየር ከመወሰንህ በፊት ወረቀቱን አስብ። ያገለገለ ሞተር ገዝተህ ስትገጥም ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም፤ የጉምሩክ ሰነዱን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ካላስመዘገብኸው ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርብ ቦሎ አታገኝም። ሰነድ የሌለው ርካሽ ሞተር ርካሽ አይደለም።

11. የግድ ከሸጥሃት፣ ሻንሲው አስገድዶህም ሆነ ሌላ ነገር፣ ደብተሩን ለገዢው አሳየው። ስንጥቁንም አሳየው። ዋጋ ይቀንሳል፣ ይቀንስ፤ ያቺ መኪና ነገ ሰው ጭና ያንኑ ቁልቁለት ትወርዳለች። በውክልና ብቻ ሸጠህም አትተኛ። ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመሸሽ ውክልና ሰጥቶ ቁልፉን ያስረክባል። ስሙ እስካልዞረ ድረስ ሰው ብትገጭም፣ ግብር ቢጠራቀምባትም፣ በሊብሬው ላይ ተገኝቶ የሚጠራው የአንተ ስም ነው። ገዢውን ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ሂድ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አስመስክር፣ ስሙ ሲዞር ተቀመጥና ተመልከት። ገንዘቡም ሙሉውን በባንክ ሒሳብህ ገብቶ ሳታይ ሊብሬው ከእጅህ አይውጣ።